ያነበብነው የት ገባ? ከአርብ ገበያ የተማርኩት የወር ደብተር

ባለፈው ዓመት ቤት ስቀይር ከመጻሕፍቴ ግማሽ ያህሉን መሸጥ ግድ ሆነብኝ። አሮጌ መጽሐፍ የሚገዛው ነጋዴ እያገላበጠ ዋጋ ሲቆርጥ፣ አጠገቤ የቆመችው ልጄ አንዱን አነሣችና "አባዬ፣ ይኼ ስለ ምንድን ነው?" አለችኝ። መጽሐፉን አንብቤዋለሁ፤ እንዲያውም ከዳር እስከ ዳር አስምሬበታለሁ። መልስ ግን አልነበረኝም። ሁለተኛውን አነሣች። እሱንም አላስታወስኩትም። አምስተኛው ላይ ስትደርስ መጠየቋን ተወች፤ ጥያቄው ግን እኔን አልተወኝም።

የሚገርመው፣ ከ20 ዓመት በፊት ያነበብኳቸውን ዘጠኝ መጻሕፍት ዛሬም ቁጭ ብዬ ላወራችሁ እችላለሁ። ዘጠኙንም ያነበብኳቸው በአንድ ዓመት፣ በአንድ ቦታ ነው። አርብ ገበያ።

አርብ ገበያ በደቡብ ጎንደር የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ አንድ ዓመት አስተምሬባታለሁ። በዚያን ጊዜ መጽሐፍ እንደልብ አይገኝም ነበር። ደብረ ታቦር ወይም ጎንደር ደርሶ የሚመለስ ሰው አንድ ይዞ ከመጣ፣ መምህራኑ በተራ እንቀባበለዋለን። ተራችን ካለፈ መጽሐፉ አለፈ ማለት ነው። ስለዚህም በዕድሜ የሚበልጡን አንድ የአማርኛ መምህር (ሁላችንም "ጋሼ" ነበር የምንላቸው) ያነበቡትን ሁሉ በወር በወር የሚጽፉበት ደብተር ነበራቸው።

አንድ ቀን "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ሦስት ጊዜ ማንበቤን በኩራት ነገርኳቸው። "እስቲ መጽሐፉን ዝጋና ንገረኝ" አሉኝ። ስለ ጉዱ ካሣ ጥቂት ተናግሬ ቆምኩ። "አይተኸው ነው እንጂ አላነበብኸውም" ብለው ሳቁብኝ። በማግስቱ ዓርብ ነበርና ከገበያው ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝቼ ገባሁ።

የጋሼ ምስጢር "ዝጋና" የምትለው ቃል ውስጥ ናት። ለነገሩ ጋይንት ይህን ከጥንትም ያውቀዋል። የድጓ ማስመስከሪያው ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያው ዙር አባ የሚገኙት በዚሁ አገር ነው። እዚያ ተማሪው ስንት መጽሐፍ እንዳገላበጠ የሚጠይቀው የለም፤ የተማረውን በመምህሩ ፊት ማሳየት አለበት።

ሳይንሱም ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለተማሪዎች አጭር ጽሑፍ አስነበቡ። ከፊሎቹ ጽሑፉን ደግመው አነበቡት፤ ከፊሎቹ ግን ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሳያዩ የጻፉት 56 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ ላይ ቀሩ። እኔ መጽሐፍ ላይ ሳሰምር የኖርኩት ለአምስት ደቂቃው ፈተና ነበር ማለት ነው።

ዝርዝር መያዝ ብቻውንም አይበቃም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙ መጻሕፍትን ዘርዝረው ማሳተማቸው ለአገር ትልቅ ውለታ ነው። የግል ደብተር ሥራ ግን ሌላ ነው። መጽሐፉ መኖሩን ሳይሆን እኛ ዘንድ ምን እንደተወ መመዝገብ አለበት።

እንግዲህ አሠራሩ እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ወር ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ገጾች ይመደባሉ። በግራው ገጽ የመጽሐፉ ስም፣ ደራሲው፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን፣ እንዲሁም ከማን እንደተዋስነው ይሰፍራል። (ይህች የመጨረሻዋ ብዙ ወዳጅነት ታተርፋለች።)

ሁለተኛ፣ የቀኙ ገጽ የሚጻፈው መጽሐፉ ተዘግቶ ነው። ለአንድ መጽሐፍ ሦስት ነገር ይበቃል፤ ምን እንደሚል በሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ያልተስማማንበት አንድ ነጥብ፣ ተመልሰን ልናየው የምንፈልገው አንድ ገጽ ቁጥር። ከዚህ ካስረዘምነው ደብተሩ ንባቡን ይበላዋል። ጽፈን ከጨረስን በኋላ ብቻ መጽሐፉን ከፍተን የተሳሳትነውን እናርማለን።

ሦስተኛ፣ በወሩ መጨረሻ አዲስ ነገር ከመጻፋችን በፊት ያለፈውን ወር ርዕስ ብቻ አይተን የቀረውን በቃል ለማስታወስ እንሞክራለን። የጠፋው የቱ እንደሆነ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

አራተኛ፣ ያላነበብንበት ወር ባዶ አይተውም። "አላነበብኩም" ተብሎ ምክንያቱ ይጻፋል። የእኔ ደብተር ውስጥ እንዲህ ያለ ወር አለ፤ አንዱ ምክንያት የፈተና እርማት፣ ሌላው ስንፍና ነው።

ለምን በወር? በየቀኑ ለመጻፍ ሥራ የሚበዛበት ሰው አይችልም። በዓመት አንዴ ከሆነ ደግሞ የሚጻፍ ነገር አይቀርም። ደመወዙም፣ ማኅበሩም፣ የቤት ኪራዩም በወር ለሚመላለስበት የከተማ ሰው ወር የለመደው ሒሳብ መዝጊያ ነው። በተረፈ እኛ 13ኛ ወር አለን። ጳጉሜን አምስት ቀን፣ አንዳንዴም ስድስት ናት። አዲስ መጽሐፍ አይጀመርባትም፤ የዓመቱን ገጾች ከመስከረም እስከ ነሐሴ አንብቦ ደግሞ የሚነበበውን አንዱን መጽሐፍ ለመምረጥ ትበቃለች። ጋሼ ያደርጉት የነበረውም ይኸው ነው።

የአርብ ገበያዋን ደብተር አዲስ አበባ ስገባ ተውኳት። መጽሐፍ በየመንገዱ ሲሞላ "እንደገና ገዝቼ አነበዋለሁ" የሚል ድፍረት መጣብኝ። ውጤቱን ልጄ አምስት ጊዜ ጠይቃ አሳየችኝ። ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ግን ተመልሼ እየጻፍኩ ነው። በየወሩ መጨረሻ ደብተሩን ትወስድና ርዕሱን እያነበበች ትጠይቀኛለች፤ እስካሁን ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ።

ለመጀመር መስከረምን መጠበቅ አያስፈልግም። በያዛችሁት ወር፣ በያዛችሁት መጽሐፍ ጀምሩ። መልካም ንባብ!