ከቤት ሆኖ ወደ መሥሪያ ቤት መረብ ስለ መግባት

የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ክፍያ፣ የገበሬው ስምና የመሬቱ ስፋት፣ የከብት ክትባትም ቍጥር በኮምፒዩተር በሚጻፍበት መሥሪያ ቤት፣ ሹሙ በቤቱ ሳለ ወይም ለጕብኝት ወደ ወረዳ በወጣ ጊዜ መዝገቡን ለመመልከት መፈለጉ አይቀርም። ይህም ሥራ እንዳይጓደል የሚረዳ ስለ ሆነ መልካም ነው። ነገር ግን ለባለ ሥራው የተከፈተው በር ለሌባ ጭምር እንዳይከፈት አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

አንዳንድ ባለሙያዎች ነገሩን ለማቅለል ሲሉ በራውተሩ ላይ ፖርት 3389ን ከፍተው የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ ከኢንተርኔት በቀጥታ እንዲገኝ ያደርጋሉ። ይህ ግን የጐተራን በር ከፍቶ እንደ መተኛት ያለ ነው። ሌት ተቀን ኢንተርኔትን የሚያስሱ ፕሮግራሞች የተከፈተውን ፖርት ያገኙታል፤ ካገኙትም በኋላ የይለፍ ቃል እየለዋወጡ ይሞክራሉ። ከዚህም በላይ ብሉኪፕ የተባለው ጕድለት እ.ኤ.አ. በ2019 በተገለጸ ጊዜ፣ ባልታደሱ አሮጌ ዊንዶውሶች ላይ ያለ ይለፍ ቃል በዚሁ በር መግባት እንደሚቻል ታውቋል።

የሚሻለው መንገድ ቪፒኤን ነው። ይኸውም በሹሙ ኮምፒዩተርና በመሥሪያ ቤቱ መካከል የሚያልፈውን ሁሉ ወደ ምስጢር ጽሕፈት የሚለውጥ ስለ ሆነ፣ በመንገድ የሚጠልፈው ሰው ቢኖር አንብቦ ሊረዳው አይችልም። ለምሳሌ ዋየርጋርድ በተባለው ፕሮግራም እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ሁለት ቍልፍ አለው፤ አንዱ ምስጢር ሆኖ ከኮምፒዩተሩ አይወጣም፤ ሁለተኛው በመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ይመዘገባል። ቍልፉ ያልተመዘገበለት ቢያንኳኳ ሰርቨሩ መልስ አይሰጠውም።

ይሁን እንጂ የበሩ ጥንካሬ ብቻውን አይበቃም፤ ቍልፉ በማን እጅ እንዳለ ማወቅ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ አገር ኮሎኒያል ፓይፕላይን የተባለውን የነዳጅ ማስተላለፊያ ኩባንያ ሌቦች የገቡበት በቪፒኤን ነው፤ የገቡትም ማንም በማይሠራበት፣ ነገር ግን ሳይሰረዝ በቀረ አሮጌ አካውንት ነው። አካውንቱ ከይለፍ ቃል በቀር ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረውም። ኩባንያው መሥመሩን ለቀናት ዘግቶ 4.4 ሚሊዮን ያህል ዶላር ለመክፈል ተገደደ።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ ሹም ይሾማል፣ ይሻራል፣ ይዛወራል፤ ስለዚህ ይህ አደጋ ሩቅ አይደለም። እንግዲህ የመሥሪያ ቤቱ አለቃ የሚከተሉትን ያስፈጽም ዘንድ ያስፈልጋል።

አንደኛ፤ ፖርት 3389 ለኢንተርኔት ተከፍቶ እንደ ሆነ አስመርምሮ ያዘጋው።

ሁለተኛ፤ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ቍልፍ ይሰጠው እንጂ አንዱን ቍልፍ ብዙዎች አይጋሩት። በስምና በይለፍ ቃል የሚገባ ከሆነም፣ በስልክ ላይ በየ30 ሴኮንዱ የሚለዋወጠው ባለ 6 አኃዝ ቍጥር ይጨመርበት።

ሦስተኛ፤ ወደ መረቡ የገባው ሰው ለሥራው የሚያስፈልገውን መዝገብ ብቻ እንዲያገኝ ይወሰን።

አራተኛ፤ ሠራተኛ ሲዛወር ወይም ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ቍልፉ በዚያው ቀን ይሰረዝ። ንብረት ያስረከበበት ወረቀት ሲፈረም የቍልፉ መሰረዝም አብሮ ቢጻፍ አይረሳም።

የገበሬው ስምና ሒሳብ ለመሥሪያ ቤቱ በዐደራ የተሰጠ ነውና፣ መዝገቡን የመጠበቁ ኀላፊነት ለኮምፒዩተር ባለሙያው ብቻ የሚተው ሳይሆን ለአለቃውም የተሰጠ ነው።