የሶንጎር ጨውና የራዲዮ አዳ ድምፅ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 1990ዎቹ እኩሌታ ድረስ በጋና ምድር በራዲዮ የመናገር ሥልጣን የመንግሥት ብቻ ሆኖ ስለ ኖረ፣ የቮልታ ወንዝ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ በሚቀላቀልበት ጠረፍ የሚኖረው የአዳ ሕዝብ፣ ስለ ገዛ ባሕሩና ስለ ገዛ ገበያው እንኳ ሳይቀር ከአክራ በሌላ ልሳን የሚነገረውን ቃል ከመስማት በቀር በአየር ላይ የራሱ የሆነ ድምፅ አልነበረውም። የ1992ቱ ሕገ መንግሥት የመገናኛ ብዙኃንን ነጻነት ካጸና በኋላ ግን በሩ ቀስ በቀስ ተከፈተ፤ በፌብሩዋሪ 1998 አሌክስ ኳርሚን የተባሉ የራዲዮ ባለሙያ ከባለቤታቸው ከዊልና ኳርሚን ጋር በቢግ አዳ ከተማ ያቋቋሙት ራዲዮ አዳ፣ በኤፍ ኤም 93.3 በዳንግሜ ቋንቋ መናገር ጀመረ። በጋና የመጀመሪያው የማኅበረሰብ ራዲዮ ይኸው ነው።

የዚህ ጣቢያ ልዩ ጠባይ ማስታወቂያና ዘፈን ከማሰማት አልፎ፣ ተናጋሪውንና ሰሚውን አንድ ያደረገ መሆኑ ነው። አዘጋጆቹ በአብዛኛው ከዚያው ከሕዝቡ መካከል የወጡ በጎ ፈቃደኞች እንደ መሆናቸው መጠን፣ መቅረጫቸውን ይዘው ታንኳ ወደሚሳብበት ዳርቻ፣ ዓሣ ወደሚጨስበት ግቢ፣ ጨው ወደሚለቀምበት ሐይቅ ይወርዳሉ፤ ዓሣ አጥማጁ ስለ መረቡና ስለ ማዕበሉ፣ ዓሣ ሻጯ ስለ ገበያዋ፣ ገበሬው ስለ ማሳው፣ ሾፌሩ ስለ መንገዱ የሚናገረው ቃል በባለሙያ አንደበት ተለዝቦ ሳይሆን፣ እንደ ወጣ ከነወዙ ይሰማል። በየዓመቱ በጁላይ መጨረሻና በኦገስት መግቢያ ላይ የሚከበረው አሳፎቱፊያሚ የተባለው የጦር አርበኞች መታሰቢያ በዓል በደረሰ ጊዜም፣ ሽማግሌዎች የአባቶቻቸውን ገድል የሚተርኩት በዚያው በእናታቸው ቋንቋ ነው። እኔ እንደማምነው፣ የራዲዮ አዳ ኀይል ከማሠራጫው ብርታት ይልቅ ከዚህ ሥርዓት የሚመነጭ ነው፤ ኋላም ለደረሰበት መከራ ምክንያት የሆነው ይኸው ኀይል ነው።

ከአዳ በስተ ምዕራብ፣ ከውቅያኖሱ በቀጭን የአሸዋ ግድብ የተለየ ሶንጎር የሚባል ሰፊ ሐይቅ አለ። በበጋው ወራት ፀሐይና ነፋስ ውኃውን ሲያደርቁት በሐይቁ ወለል ላይ ጨው ይጋገራል፤ ይህም ጨው ከጥንት ጀምሮ በታንኳ ተጭኖ በቮልታ ሽቅብ እስከ ሰሜኑ ገበያ ድረስ ይጓዝ ነበር። ከአፋር ምድር ወጥቶ በመላው አገራችን እንደ ገንዘብ ሲዘዋወር የኖረውን አሞሌ የሚያስታውስ አንባቢ፣ ጨው ለባለ ሀገሩ ሀብት ብቻ ሳይሆን ማዕርግም እንደ ነበረ ይረዳል። የሐይቁ ባለአደራዎች ኦኮር የሚባሉት አራቱ ነገዶች ሲሆኑ፣ ጨው መጋገር በጀመረ ጊዜ የጨው ካህን የሐይቁን መግቢያ በግዝት ይዘጋው ነበር፤ ጨውም ከበሰለና ግዝቱ ከተነሣ በኋላ ባለ ሀገሩም መጻተኛውም፣ ድኻዪቱም ባለጸጋውም ገብቶ ጉልበቱ የቻለውን ያህል ይለቅም ነበር። በእኔ ግምት ይህ ሥርዓት፣ በኋለኞቹ ዓመታት በሊቃውንት ከተጻፉት የልማት ዕቅዶች ሁሉ ይበልጥ አስተዋይ ነበር።

በ1965 የአኮሶምቦ ግድብ ተፈጽሞ ቮልታ በየዓመቱ መሙላቱን ባቆመ ጊዜ፣ የወንዙ አፍ ዓሣና እርሻ እየመነመነ ስለ ሄደ፣ የአዳ ሰው የዕለት እንጀራውን ከቀድሞው ይልቅ በጨው ላይ ጣለ። ይኸው ሐይቅ በ1970ዎቹ ለግል ኩባንያዎች በኪራይ መሰጠት የጀመረው እንግዲህ ሕዝቡ ይበልጥ በሚሻው ሰዓት ነበር። ጨው ለቃሚዎች ከአያቶቻቸው ሐይቅ እንደ ሌባ ተባረሩ፤ በሜይ 17 ቀን 1985ም ማጊ ላኑዌር በመባል የምትታወቅ ነፍሰ ጡር ሴት በፖሊስ ጥይት ተመትታ ሞተች። ደሟ በከንቱ ፈሶ እንዳይቀር የጨው ለቃሚዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር ታሪኩን በመጽሐፍ አሳተመ፤ መንግሥትም በ1992 ባወጣው ሕግ ሶንጎርን ለሕዝቡ በአደራ እንደሚይዝ ደነገገ።

አደራ ያለ ጠባቂ ግን አይጸናም። በ2000ዎቹ መጨረሻ፣ አቅም ያላቸው ሰዎች፣ ከራሳቸው ከአዳ ተወላጆችም ጭምር፣ አትሲያክፖ የሚሉትን የግል የጨው ማድረቂያ መደብ በሐይቁ ውስጥ እየከለሉ የጋራውን ወለል መብላት ጀመሩ። ይህን ክፉ ነገር በአደባባይ ያወጡት በተለይ ሴቶቹ ናቸው፤ ምክንያቱም ገንዘብ ስለሌላቸው መደብ መከለል አይችሉምና። ከራዲዮ አዳ ጋር ሆነው የሶንጎርን ጉዳይ የሚመረምር የውይይት መድረክ አቋቋሙ፤ ዪሂ ካትሴሜ፣ ጀግኖች ሴቶች ማለት ነው፣ የሚል ስም ይዘው በየመንደሩ ዞሩ፤ የሐይቁን ታሪክ ፊደል ላልቆጠረ ሰው በጥልፍና በሥዕል አስነበቡት፤ ግፉንም በዘፈን አዜሙት። ዘፈኑም ክርክሩም በራዲዮው ስለ ተሰማ፣ ቀድሞ በየጎጆው ይጉረመረም የነበረው የእያንዳንዱ ሰው ብሶት የሕዝብ ምስክርነት ሆነ። በዚያ ጉባኤ የራሳቸው አለቆችና ባለመደቦች ሳይቀሩ መወቀሳቸውን እኔ በታላቅ አክብሮት እመለከታለሁ፤ ባዕዱን ማማረር ቀላል ሲሆን የገዛ ዘመድን በገዛ ቋንቋ መገሠጽ ግን ልብ ይጠይቃል።

በ2020 ደግሞ መንግሥት የሐይቁን ምድር ኤሌክትሮኬም ጋና ለተባለ ኩባንያ ለዓሥራ አምስት ዓመት በሊዝ ሰጠ፤ የጋና ምክር ቤትም ውሉን አጸደቀው። ስፋቱ ወደ 41,000 ኤከር ይደርሳል። ኩባንያው ሥራና ልማት ያመጣል የሚሉ ነበሩ፤ አሁንም አሉ፤ ቃላቸውም ሊደመጥ ይገባዋል። ነገር ግን በጃኑዋሪ 13 ቀን 2022 ወሮበሎች ወደ ራዲዮ አዳ ገብተው መሣሪያውን ሰባበሩ፣ ሠራተኞቹን ደበደቡ፤ ጣቢያው ስለ ጨው ስምምነቱ የሚያሰማውን ትችት እንዲተው ማስፈራራታቸውም በወቅቱ ተዘገበ። ሰባሪዎቹን ማን ላካቸው የሚለውን መፍረድ የዳኛ እንጂ የጸሐፊ ሥልጣን አይደለም፤ ይሁን እንጂ አንድ ድኻ ጣቢያ በበጎ ፈቃደኞች ላብ ያከማቸውን ዕቃ በደቂቃዎች ውስጥ ያጠፋ እጅ፣ ያጠፋው መሣሪያ ብቻ እንዳልነበረ ማንም አይስተውም። ለዓመታት በመተማመን የተከፈተ አንደበት በፍርሃት ቢዘጋ፣ ማሠራጫ እንደሚገዛ በገንዘብ አይገዛም።

ራዲዮ አዳ ከዚያ በኋላ እንደገና ተናግሯል፤ የሶንጎር ጉዳይ ግን አልተዘጋም። ሐይቁ በራምሳር ውል ዓለም አቀፍ ዋጋ ካላቸው ረግረጎች መካከል ተመዝግቧል፤ በ2011ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ሆኗል፤ ከእነዚህ መዝገቦች ሁሉ በላይ ግን የ1992ቱ ሕግ አደራ የሚለውን ቃል ይዟል። እንግዲህ መንግሥት ይህን ቃል ሊያከብር ከወደደ፣ የሊዙን ውል ከመጀመሪያው አንቀጽ እስከ መጨረሻው በዳንግሜ አስተርጉሞ፣ ኩባንያውም የመንግሥት ሹሞችም ጨው ለቃሚዎቹ ሴቶችም በተገኙበት በዚያው በ93.3 ያስነብበው፤ የሴቶቹን ጥያቄም በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ማይክሮፎን ፊት ይመልስ።