የሐሳብ ካርታ በጤና ሥልጠናና በዕለታዊ ሥራ

በተለምዶ ማይንድ ማፕ የሚባለው የሐሳብ ካርታ፣ አንድን ዋና ጉዳይ በወረቀት መሐል አስፍሮ ተያያዥ ነጥቦችን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ በመስመርና በአጭር ቃል የማሳያ ዘዴ ነው። እንግሊዛዊው ቶኒ ቡዛን እ.ኤ.አ. በ1974 በቢቢሲ ቴሌቪዥን ባቀረበው ተከታታይ ትምህርት ይበልጥ ታውቋል።

ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ከፍተኛ የደም መፍሰስ ተስማሚ ምሳሌ ነው። እናትን በአጭር ጊዜ ለሞት ሊዳርግ ስለሚችል መንስኤውን በእርጋታ ለማሰላሰል ፋታ አይሰጥም። በካርታው መሐል «የደም መፍሰስ» ተብሎ ይጻፍና አራት ቅርንጫፎች ይወጣሉ፦ የማኅፀን አለመኮማተር፣ የማኅፀን ወይም የብልት መቀደድ፣ የእንግዴ ልጅ ቅሪት፣ የደም አለመርጋት። የመጀመሪያው በብዛት የሚያጋጥም በመሆኑ በወፍራም መስመር ይሳላል። በየቅርንጫፉ ጫፍ ተገቢው እርምጃ ይሰፍራል፦ ማኅፀንን ማሸትና ኦክሲቶሲን መስጠት፣ የተቀደደውን መስፋት፣ ቅሪቱን ማውጣት፣ ደምና የደም ተዋጽኦ መተካት።

ዘዴውን ለማስለመድ በተረኞች ርክክብ ወቅት እያንዳንዱ ባለሙያ በሰሌዳ ላይ አንድ ቅርንጫፍ እንዲጨምር ማድረግ ይቻላል። ተማሪዎችም ከመጽሐፍ ከመገልበጥ ይልቅ ከአእምሯቸው ስለው በኋላ ከመመሪያው ጋር ቢያመሳክሩት፣ የተረሳው ቅርንጫፍ የዕውቀት ክፍተታቸውን ያመለክታቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት፣ ለንደን ውስጥ ከተሳተፉት 50 የሕክምና ተማሪዎች መካከል በካርታ ያጠኑት ከሳምንት በኋላ የተሻለ አስታውሰዋል፤ ለዘዴው ያሳዩት ተነሳሽነት ግን ዝቅተኛ ነበር። ስለዚህ አሠልጣኞች በግዴታ ሳይሆን በልምምድ ቢያስተዋውቁት ይመረጣል። ካርታው የማስታወሻ መሣሪያ እንጂ የሕክምና መመሪያ ምትክ አለመሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።