የሲሊኮን ቱቦ በቡና ማሽን ውስጥ ያለው አገልግሎትና ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ወልድያ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚያመራው መንገድ ከወረታ ከሚመጣው መንገድ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። በከተማዋም ሆነ በሀብሩ ወረዳ በምትገኘው መርሳ መንገደኞች ማኪያቶና ቡና ለመጠጣት ወደ ካፌዎች ጎራ ይላሉ። ይህ ማብራሪያ የማሽን ቱቦ ሲበላሽ በምን ዓይነት ቱቦ መተካት እንደሚገባ ለካፌ ባለቤቶችና ሠራተኞች ያስገነዝባል።

ሲሊኮን ለምን ተመረጠ?

ለምግብ አገልግሎት የተዘጋጀ የሲሊኮን ቱቦ እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚደርስ ሙቀትን ይቋቋማል፤ የመጠጡን ጣዕምና ሽታም አይለውጥም። ለአትክልት ማጠጫ የሚሸጠው ተራ የፕላስቲክ ቱቦ ግን በፈላ ውኃ ይለሰልሳል። ቱቦውን ለማለስለስ የተጨመሩት ኬሚካሎችም ወደ ውኃው፣ በተለይም ቅባት ወዳለው ወተት ሊገቡ ይችላሉ።

የት ያገለግላል? የትስ አያገለግልም?

የሲሊኮን ቱቦ የሚያገለግለው ግፊት በማይበዛበት መስመር ነው። ይኸውም ውኃ ከማጠራቀሚያ ወደ ፓምፕ በሚሳብበት፣ ወተት በሚያልፍበትና ፍሳሽ በሚወገድበት ቦታ ነው። ኤስፕሬሶ የሚወጣው 9 ባር ገደማ በሆነ ግፊት ሲሆን፣ ይህም የአንድ አነስተኛ መኪና ጎማ ከሚሞላበት ግፊት አራት እጥፍ ያህል ነው። ተራ የሲሊኮን ቱቦ ይህን ግፊት መሸከም አይችልም። ስለሆነም ከፓምፑ ወደ ቡና ማውጫው የሚሄደው መስመር እንዲሁም የእንፋሎት መስመሩ ለከፍተኛ ግፊትና ሙቀት የተሠራ የመዳብ፣ የማይዝግ ብረት ወይም የቴፍሎን ቱቦ ያስፈልጋቸዋል። በእነዚህ መስመሮች ላይ የሲሊኮን ቱቦ ቢገጠም ሊፈነዳና በአቅራቢያው ያለውን ሰው ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል።

ቱቦው መቼ ይቀየራል?

• ሲደርቅ፣ ሲሰነጠቅ ወይም ሲያብጥ፤
• መጋጠሚያው ላይ ውኃ ሲያንጠባጥብ፤
• ውስጡ ሲያሙለጨልጭ ወይም ታጥቦም ሽታው ሳይለቅ ሲቀር፤
• ተጣጥፎ ወይም ተጨፍልቆ ውኃ ማሳለፍ ሲሳነው። ፓምፑ ያለ ውኃ ከሠራ ሊቃጠል ይችላል።

ቱቦ ሲቀየር ምን መደረግ አለበት?

በቅድሚያ ማሽኑ ከኤሌክትሪክ ይነቀላል፤ የውኃ መስመሩ ይዘጋል፤ እንፋሎቱ ተለቅቆ ማሽኑ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። አዲሱ ቱቦ ለምግብ አገልግሎት የሚውል ስለመሆኑ ሻጩ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ መጠየቅ ይገባል። የውስጡና የውጭው ስፋትም ከነባሩ ጋር እኩል መሆን አለበት። ወተት የሚያልፍበት ቱቦ በየዕለቱ መታጠብ ይኖርበታል። የግፊትና የእንፋሎት መስመር ጥገና ለባለሙያ ብቻ የሚተው ሥራ ነው።