ያውቁ ኖሯል? የዋግ ቤትና የመሸበት እንግዳ

በዋግ ኽምራ ዞን፣ ሰቆጣ ከተማ ሆቴል አለ። ወደ ፃግብጂ፣ ወደ ደሃና ወይም ወደ ዝቋላ መንደሮች ዘልቆ የመሸበት መንገደኛ ግን የሚያድረው ሰው ቤት ነው። ሰው ቤት ማደር ደግሞ ሆቴል የማይሰጠውን ያሳያል፤ የአገሩን ቋንቋ፣ ታሪክ፣ ጾምና ፍስክ፣ የጓዳውንም እውነት። ዛሬ በዋግ ኽምራ ቤት ያረፈ እንግዳ የሚገጥመውን ከደጅ እስከ ስንብት እንቃኛለን።

ደጅ ላይ

◆ መሽቶበት ደጅ የቆመ መንገደኛ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ማደሪያ መጠየቁ የቆየ ወግ ነው። መልሱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» ነው። ከየት መጡ፣ ወዴት ይሄዳሉ የሚለው ጥያቄ የሚከተለው እንግዳው አረፍ ካለ በኋላ ነው።

◆ እንግዳ ሲገባ የተቀመጡት ብድግ ብለው «ኖር!» ይላሉ። የገባው ሰው «በእግዜር» ብሎ ካላስቀመጣቸው በቀር ቆመው ይጠብቃሉ። እንግዳውም በተራው ሽማግሌ ወይም ቄስ ሲገባ መነሳት ይጠበቅበታል።

◆ በእግሩ ሲጓዝ ለዋለ እንግዳ ውኃ ቀርቦ እግሩ ይታጠባል። አጣቢው ብዙ ጊዜ የቤቱ ልጅ ነው። ሥርዓቱ የሚያያዘው ከአብርሃም ጋር ነው። በአገራችን ትውፊት አብርሃም ያለ እንግዳ እህል አይቀምስም ነበር። ሰይጣን መንገዱን ዘግቶ እንግዳ ባስቀረበት ጊዜም ሦስት ቀን ጾሙን እንደዋለ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ነው ሥላሴ በእንግዳ አምሳል ወደ ድንኳኑ የመጡት።

◆ እንግዳው ጓዳ ውስጥ የማያውቀው ቋንቋ ቢሰማ አይደንግጥ። ኽምጣና ነው። ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን ከአዊኛ፣ ከቅማንትኛና በኤርትራ ከሚነገረው ብሌንኛ ጋር ይዛመዳል። አብዛኛው ተናጋሪ አማርኛም ስለሚያውቅ ከእንግዳው ጋር በአማርኛ፣ እርስ በርሱ በኽምጣና ያወጋል። ኽምጣና ዛሬ የትምህርት ቤት ቋንቋ ነው፤ የአማራ ክልል መገናኛ ብዙኃንም ዝግጅት ያሰራጩበታል።

◆ ዋግ የድንጋይ አገር ስለሆነ ብዙው ቤት ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ነው። ውስጡ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የተሠራው መደብ ቀን መቀመጫ፣ ሌሊት መኝታ ይሆናል። ከቤቱ ቁርበትና ጋቢ የተሻለው ለእንግዳው ይነጠፋል፣ ይደረብለታልም።

ማዕድ ላይ

◆ «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚባለው ተረት የመስተንግዶው ሕግ ነው። የቀረበው ትንሽ ቢሆን አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ፊት ማጥቆር ነው። «ቤት ያፈራውን ይቅመሱ» የሚለው ግብዣም ያለውን ሳይደብቁ፣ የሌለውን ሳያስመስሉ ማቅረብ ነው።

◆ ወደ ተከዜ ዝቅ ባለው ቆላ እንጀራው በብዛት ማሽላ ነው። ማሽላ መጀመሪያ የተለመደው በእኛው በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ሲሆን ከጥንት ጀምሮ ባሕር ተሻግሮ ሕንድ ገብቷል። ሕንዶች ጆዋር ይሉታል፤ በማሃራሽትራ ግዛት የሚያድር እንግዳ «ባክሪ» የተባለው የማሽላ ቂጣ ትኩሱ ይቀርብለታል። እዚያም እዚህም የሚበላው በቀኝ እጅ ነው። ሁለት በጣም የተራራቁ አገሮች እንግዳቸውን በአንድ እህል ይቀበላሉ።

◆ በሃይደራባድ አቅራቢያ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የደረቅ አካባቢ ሰብሎች ምርምር ተቋም ማሽላን ለማሻሻል ከተጠቀመባቸው ዘሮች መካከል ከኢትዮጵያና ከሱዳን ድንበር አካባቢ የተሰበሰቡ ይገኙበታል። ሰቆጣም በበኩሏ የደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከል አላት።

◆ የአካባቢው ሕዝብ በአብዛኛው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ በመሆኑ፣ ረቡዕና ዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የደረሰ እንግዳ ወተት፣ ቅቤና ሥጋ አይጠብቅ። ሽሮ፣ ጎመንና ቆሎ ግን አይጠፋም።

◆ ማር በጾም አይከለከልም። ይህም ለዋግ እንግዳ መልካም ዜና ነው፤ የሰቆጣ ማር በነጭነቱና በጣዕሙ በመላ አገሪቱ የታወቀ ነው። ዋናው ቆረጣ ክረምት አልፎ አበባው ከደረሰ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው።

◆ የአበርገሌ ፍየል በስሙ የተመዘገበ የአገር ውስጥ ዝርያ ነው። ከዋግ እስከ ትግራይ ተንቤን ዙሪያ ይረባል፤ ለሥጋው ብቻ ሳይሆን ለወተቱም ይያዛል። በፍስክ ቀን ለክቡር እንግዳ የሚታረደው እሱ ነው።

◆ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ኤሌክትሪክ ከማመንጨት ሌላ የዋግን ማዕድ ቀይሯል። ግድቡ የፈጠረው ኃይቅ በሚያዋስናቸው ወረዳዎች ወጣቶች ተደራጅተው ዓሣ ያጠምዳሉ። ፍየል ብቻ ይታረድባቸው በነበሩ ቤቶች ዛሬ ቆሮሶና አምባዛ ይጠበሳል።

◆ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ስለሚባል ያጎረሰ ሰው ሁለተኛውን ይደግማል። «በሞቴ» ከተባለ በኋላ እምቢ ማለት ባለቤቱን ማስከፋት ነው። የጠገበ እንግዳ አፉን በእጁ ከመከልከል ይልቅ ትንሽ ተቀብሎ አመስግኖ ቢመርቅ ይሻላል።

◆ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን የምንጠጣው ቡና በክርስቲያኑ ደጋ የተስፋፋው ከአንድ መቶ ዓመት ብዙም ባልራቀ ጊዜ ነው። እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ብዙ ክርስቲያኖች ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብለው ይርቁት ነበር። ዛሬ ቡና ሳይፈላለት የሚሰናበት እንግዳ የለም።

የምሽት ወግ

◆ እራት ሲነሳ ሽማግሌዎች ታሪክ ያነሳሉ። የዋግ ገዥዎች ማዕረግ «ዋግሹም» ነበር። ከእነሱ አንዱ ዋግሹም ጎበዜ ዳግማዊ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነገሡ። ዙፋናቸውን ያጡት ዐድዋ አካባቢ በተደረገ ውጊያ በካሣ ምርጫ፣ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በተባሉት፣ ተሸንፈው ነው።

◆ ለማደር የመጣ እንግዳ ጠዋት ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን ሳያይ አይለፍ። ከሰቆጣ ብዙም ሳይርቅ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። የአለት ሕንጻ ጥበብ የላስታ ብቻ እንዳልሆነ ይመሰክራል።

◆ ሰቆጣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከታላላቅ የጨው ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ የሚመጣው አሞሌ በትግራይ በኩል አልፎ እዚህ ይገበያይ ነበር። አሞሌ እንደ ገንዘብ ያገለግል ስለነበር የሰቆጣ ሰው ነጋዴ መንገደኛ ማሳደርን ከጥንት ለምዶታል።

◆ እንግዳ ሁሉ በፈቃድ አልተስተናገደም። «ድርጎ» የሚባለው፣ ለቤተ መንግሥት እንግዳ ከየመንደሩ የሚታዘዝ ቀለብ ነበር። ተሰሪ ወታደርም በገበሬ ቤት ገብቶ ይቀለብ ነበር። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1892 አሥራት የተባለውን ግብር ያወጁት ይህን የተሰሪ ሸክም ለማስቀረት ነው። ገበሬው ግን ይህን ሁሉ ዐይቶም በሩን ለእግዜር እንግዳ አልዘጋም።

 

ሻደይ የደረሰ እንግዳ

◆ ከነሐሴ 16 እስከ 21 በዋግ ያደረ እንግዳ ዕድለኛ ነው። የፍልሰታ ጾም በተፈታ ቀን ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ቤት ለቤት እየዞሩ ይጨፍራሉ። እንግዳው ያረፈበት ቤት ሲደርሱ እሱም እንደ ቤተሰቡ ስጦታ ይሰጣል።

◆ ይኸው በዓል በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። ድንበሩና ስሙ ቢለያይም ሣሩ፣ ከበሮውና የልጃገረዶቹ ነፃነት አንድ ናቸው።

ከማዕዱ ጀርባ

◆ የኢትዮጵያ መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ያወጀው፣ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት የታለመው ቃል ኪዳን ስሙ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ነው። በ1977ቱ ረሃብ ክፉኛ ከተጎዱት ቦታዎች አንዱ ዋግ ስለነበር ከተማዋ ተመረጠች። እንግዳ የሚጎርሰው እንጀራ ከዚህ ጓዳ የወጣ ነው።

◆ በብዙ ቤት ልጆች የሚበሉት ከእንግዳ በኋላ ነው። ስለዚህ ማዕዱን ጠርጎ አለመጨረስ፣ ከወጡም ከእንጀራውም ማስተረፍ ጨዋነት ብቻ ሳይሆን ለሕፃናቱ ማሰብ ነው።

◆ የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በዋግ ብዙ ቤተሰብ እርከንና መንገድ እየሠራ ድጋፍ ሲቀበል ኖሯል። የማሳ ወሰን አጠገብ የሚታየው የድንጋይ እርከን የዚያ ድካም ፍሬ ነው። በእርከን ላይ እየረገጡ፣ ድንጋይ እያፈረሱ መሄድ ነውር የሚሆነው ለዚህ ነው።

◆ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው የሰሜኑ ጦርነት ከፃግብጂና ከአበርገሌ የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች በሰቆጣና በዙሪያዋ ተጠልለዋል። ዘመድና ጎረቤት ያስጠጋቸውም ነበሩ። ራሱ የተቸገረ ቤት ለተፈናቀለ ቦታ መስጠቱ የዋግ እንግዳ ተቀባይነት ትልቁ ማስረጃ ነው።

እንግዳ ከሆኑ

◆ ላደሩበት ገንዘብ ቆጥሮ መዘርጋት ባለቤቱን ያስቀይማል። ቡና፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ለልጆች ደብተርና እስክሪብቶ ግን በደስታ ይቀበላሉ። ስጦታው የሚሰጠውም ለእመቤቲቱ ነው፤ የቤቱን ጉድለት የምታውቀው እሷ ናት።

◆ ውኃ በብዙ መንደር ከሩቅ ተቀድቶ በጀርባ የሚመጣ ነው፤ ቀጂዎቹም ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። እንግዳ የታጠበበት እያንዳንዱ ጆግ የእነሱ ጉልበት ስለሆነ ቆጥቦ መጠቀም ይገባል።

◆ ፎቶ ከማንሳት በፊት ማስፈቀድ ግዴታ ነው። በተለይ ሐዘን የተቀመጠ ቤትና ቅኔ ማህሌት ውስጥ ካሜራ አይወጣም።

◆ ስንብት ላይ ሽማግሌ ይመርቃል፤ እንግዳ ጎንበስ ብሎ «አሜን» እያለ ይቀበላል። «አይጉደልባችሁ» የእንግዳው መልስ ነው።

◆ እንግዳ ማሳደር ለመንደር ገቢ ሊሆን እንደሚችል ከዋግ ብዙም በማይርቀው መቄት ታይቷል። እዚያ ገበሬዎች ተደራጅተው በሠሯቸው ጎጆዎች ተጓዦችን ሲያሳድሩ ቆይተዋል፤ ገቢውም የማኅበረሰቡ ነበር። በሕንድ የኬራላ ግዛት ደግሞ ቤታቸውን ለእንግዳ የሚከፍቱ ቤተሰቦች በመንግሥት ተመዝግበው ደረጃ ይሰጣቸዋል።

ዋግ ወጉ አላት፣ ማሩ አላት፣ ታሪኩም አላት። የጎደለው ይህን ሁሉ አቀናጅቶ፣ የሚያሳድረውን ቤተሰብ ጠቅሞ የሚያሠራ ሥርዓት ነው። የዞኑና የወረዳዎቹ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ከመቄትና ከኬራላ ልምድ ቀስመው ይጀምሩት። እርስዎም፣ አንባቢ ሆይ፣ ሰላሙ ሲጸና ላሊበላ ደርሰው አይመለሱ፤ ወደ ሰቆጣ ይዝለቁ። ሲገቡ «ኖር» ለሚሉዎት «በእግዜር» ማለትን፣ ሲበሉ ለሕፃናቱ ማስተረፍን አይርሱ።