«ፖስትዶክ በአልጀብራዊ ኮዲንግ ቲዮሪ» የሚለው ማስታወቂያ ማንን ነው የሚፈልገው?

የስኮላርሺፕ ቻናሎች ላይ እንዲህ ዓይነት ፖስት ሲዞር አይታችሁ ይሆናል፦ ሁለት ዓመት፣ አውሮፓ፣ ሙሉ ደመወዝ፣ «አልጀብራዊ ኮዲንግ ቲዮሪ»። ከሥሩ ያሉት ኮሜንቶች ደግሞ ሁሌም አንድ ናቸው። «በዲግሪ ይቻላል?» «ኮዲንግ ጀማሪ ነኝ፣ ልሞክር?» «ሊንክ በውስጥ መስመር ላኩልኝ።» ፖስት አድራጊው አይመልስም፤ ብዙ ጊዜ እሱም አያውቀውም። እኛ ዛሬ ቀስ ብለን እንየው ብለናል።

በመጀመሪያ ፖስትዶክ ስኮላርሺፕ አይደለም፣ ሥራ ነው። ፒኤችዲውን የጨረሰ ሰው አንድ የምርምር ቡድን ውስጥ በኮንትራት ተቀጥሮ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ይሠራል። ፈተና የለም፣ ዲግሪም አይሰጥም። ደመወዝ አለ፣ ከደመወዙ ላይ ደግሞ ግብር ይቆረጣል። ስለዚህ በመጀመሪያ ዲግሪ አይቻልም፣ በማስተርስም አይቻልም።

ሁለተኛው ግራ መጋባት «ኮዲንግ» የሚለው ቃል ላይ ነው። በ«5 ሚሊዮን ኮደሮች» ፕሮግራም የተማራችሁት ኮዲንግ ለኮምፒውተር ትእዛዝ መጻፍ ነው። ይሄኛው ሌላ ነው። እዚህ ጋ ኮድ ማለት መልእክት መንገድ ላይ ቢበላሽ እንኳ ተቀባዩ ራሱ አርሞ እንዲያነበው አድርጎ ማሰናዳት ነው። ይህንን ደግሞ በየቀኑ ትጠቀሙበታላችሁ።

ሱቅ ገብታችሁ በቴሌብር ለመክፈል ስካን የምታደርጉትን ኪውአር አስቡት። ወረቀቱ ተቀዷል፣ ዘይት ነክቶታል፣ ጥጉ ተልጧል። ስልካችሁ ግን ያነበዋል። ኪውአር እንደተዘጋጀበት ደረጃ ከ7 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ክፍሉ ቢበላሽም መልእክቱ ይመለሳል። ይህንን የሚያደርገው ካሜራው ሳይሆን ሂሳቡ ነው።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ሁለት ቁጥር መላክ ፈለጋችሁ እንበል፣ 2 እና 1። እንዳሉ ብትልኳቸውና አንዱ ቢበላሽ አለቀ። በምትኩ ከሁለቱ ቁጥሮች አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሥሩ፦ «ሁለት ጊዜ ኤክስ ሲደመር አንድ»። ኤክስ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ሲሆን መልሱ 3፣ 5፣ 7፣ 9 ይመጣል። የምትልኩት እነዚህን አራቱን ነው። መንገድ ላይ 7ቱ ወደ 8 ተቀየረና ወዳጃችሁ ጋ 3፣ 5፣ 8፣ 9 ደረሰ። እሱ ነጥቦቹን ወረቀት ላይ ሲያስቀምጥ ሦስቱ አንድ መስመር ላይ ይውላሉ፣ አንዱ ብቻ ወጣ ይላል። ስሕተቱ የቱ ጋ እንዳለ አወቀ፣ ትክክለኛውንም አገኘ። ደግማችሁ ላኩልኝ ማለት አላስፈለገውም።

ይህ ሐሳብ ሪድ-ሶሎሞን ኮድ ይባላል። ኧርቪንግ ሪድ እና ጉስታቭ ሶሎሞን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተሙት ጽሑፍ አምስት ገጽ ብቻ ነበር (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በጊዜው በፍጥነት የማረሚያ ዘዴ ስላልነበረው ቶሎ ሥራ ላይ አልዋለም። ሲዲ ላይ ገብቶ እቤታችን የደረሰው በ1982 ነው። ቮየጀር 2 የተባለችው መንኮራኩር በ1986 ከዩራነስ ፎቶ የላከችው በዚሁ ነው። ኪውአር ደግሞ በ1994 ጃፓን ውስጥ ተሠራ፣ ዴንሶ ዌቭ በተባለ ኩባንያ።

ታዲያ «አልጀብራዊ» የሚለው ከየት መጣ? ኮምፒውተር ማለቂያ ከሌለው ቁጥር ጋር መሥራት አይመቸውም፣ በክፍልፋይ ላይ ደግሞ ይሳሳታል። ስለዚህ ሂሳቡ የሚሠራው ቁጥራቸው ውስን በሆነ ዓለም ውስጥ ነው። የሳምንቱን ቀናት አስቡ። ዛሬ ሰኞ ከሆነ ከ10 ቀን በኋላ ሐሙስ ነው፣ ምክንያቱም ከ7 ስታልፉ እንደገና ከመጀመሪያ ትቆጥራላችሁ። በዚህ ዓለም 3 ጊዜ 5 ውጤቱ 15 ሳይሆን 1 ነው። ለ3 ማካፈል ስትፈልጉ በ5 ታበዛላችሁ፣ ነጥብ ያለው ቁጥር የሚባል ነገር አይመጣም። የኪውአር ዓለም 256 ቁጥሮች አሉት (አሠራሩ ከሳምንቱ ትንሽ ይወሳሰባል፣ ሐሳቡ ግን ያው ነው)። ይህ ዓለም ፋይናይት ፊልድ ይባላል። ሂሳብ ዲፓርትመንት የገባችሁ አብስትራክት አልጀብራ ክላስ ላይ «ይሄ ምን ይሠራልኛል?» ብላችሁ የተበሳጫችሁበት ነገር ማለት ነው።

እንግዲህ ከ60 ዓመት በፊት የተገኘ ነገር ከሆነ ዛሬ ሰው የሚቀጥሩት ምን እንዲሠራ ነው?

አሁን ትልቁ ምክንያት ሚስጥር ነው። ኢንተርኔት ላይ ባንካችንንም ቻታችንንም የሚጠብቁት የቆዩ ቁልፎች ጠንካራ ኳንተም ኮምፒውተር ቢሠራ ሊሰበሩ እንደሚችሉ ከ1994 ጀምሮ ይታወቃል። ዛሬ የተሰረቀ የተቆለፈ መልእክት ተቀምጦ ያኔ ሊከፈት ይችላል። ስለዚህ ምትክ ቁልፍ እየተፈለገ ነው። ከምትኮቹ አንዱ ስሕተቱን ሆን ብሎ መጨመር ነው። መልእክቱን በኮድ አድርጋችሁ ታበላሹታላችሁ፣ የኮዱን ውስጣዊ ቅርጽ የሚያውቅ ያርመዋል፣ የማያውቅ ግን ዝብርቅርቅ ብቻ ያያል። ሮበርት ማክኤሊስ ይህንን ያቀረበው በ1978 ነው። እስከ ዛሬ መሠረቱን ያፈረሰ የለም።

ችግሩ ቁልፉ ከባድ ነው። ለሁሉም ሰው የሚሰጠው የማክኤሊስ ቁልፍ ትንሹ ራሱ 260 ኪሎባይት ገደማ ነው፣ ትልቁ ከአንድ ሜጋባይት ያልፋል። በ2024 ደረጃ የወጣለት ሌላኛው ዘዴ አንድ ኪሎባይት ገደማ ይበቃዋል። ለኛ ዳታ በሜጋባይት ለምንገዛ ሰዎች ልዩነቱ ግልጽ ነው።

«ታዲያ ለምን በቀላል ኮድ አይተኩትም?» ተሞክሮ ነበር። በ1986 ሃራልድ ኒደራይተር የሪድ-ሶሎሞንን ቤተሰብ ለዚህ ሥራ አቀረበ። ቁልፉ አነሰ። በ1992 ግን ሲዴልኒኮቭ እና ሼስታኮቭ የተባሉ ሁለት ሩሲያውያን ሰበሩት። ኮዱ በጣም ሥርዓት ያለው ስለሆነ ቅርጹን ከውጭ ሆኖ ማወቅ ተቻለ። ኪውአራችሁን የሚያድነው ያው ውበት ሚስጥር መጠበቅ ላይ ጉድ አደረገው።

የማስታወቂያው ሰው ከሚሠራቸው ነገሮች አንዱ እዚህ መሃል ያለው ነው፦ ቁልፉን ለማሳነስ የሚበቃ ሥርዓት ያለው፣ ለሰባሪ የማይጋለጥ ኮድ መፈለግ፣ ወይም ሌሎች ያቀረቡትን መስበር። መስበርም እንደ መሥራት ይከበራል። በመጋቢት 2025 የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት ኤችኪውሲ የተባለ በኮድ ላይ የተመሠረተ ዘዴን በመጠባበቂያነት መርጧል። እሱ ውስጥም ሪድ-ሶሎሞን አለ፣ ግን በሚስጥርነት ሳይሆን በግልጽ፣ የማረም ሥራውን ብቻ እየሠራ።

የቀን ውሎው ብዙም ፊልም አይሆንም። ማንበብ፣ ሰሌዳ ላይ መከራከር፣ ሴጅማዝ በሚባል ነፃ ሶፍትዌር ትንንሽ ምሳሌ መሞከር፣ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ማሳተም። አንዳንዱ ቦታ ማስተማርም አለበት።

የማስታወቂያው ፎቶ የማይነግራችሁ ደግሞ አለ። ኮንትራቱ ያልቃል። ብዙዎች ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ቤተሰብ ይዘው እየዞሩ ሁለት ሦስት ፖስትዶክ ይሠራሉ፣ ቋሚ ቦታ ግን ጥቂት ነው። ጀርመን ውስጥ በ2021 ተመራማሪዎች «እኔ ሐና ነኝ» በሚል ሃሽታግ የተቆጡት በዚህ ነው። ያኔ በሥራ ላይ የነበረው ሕግ ከፒኤችዲ በኋላ በጊዜያዊ ኮንትራት የመቆያ ጊዜን በመደበኛነት በስድስት ዓመት ይገድብ ነበር፣ ከዚያ ወይ ቋሚ ወይ ውጣ። በእኛ እይታ ይህ ሥራውን መጥፎ አያደርገውም። ግን «አውሮፓ ገባሁ፣ በቃ» የሚባልበት አይደለም።

አሁን ማን ያመልክት ወደሚለው እንምጣ። በሂሳብ፣ በኮምፒውተር ሳይንስ ወይም በኤሌክትሪካል ምሕንድስና ፒኤችዲ የያዘ ወይም ሊጨርስ የተቃረበ፣ አልጀብራና ኮድ ላይ የታተመ ነገር ያለው ሰው። ሲቪ፣ የጽሑፎች ዝርዝር፣ ወደፊት ምን መሥራት እንደሚፈልግ የሚያስረዳ ሁለት ሦስት ገጽ፣ እና ብዙ ጊዜ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቃል። ብዙ ቦታ ደብዳቤውን ጻፊዎቹ ራሳቸው ናቸው በቀጥታ የሚልኩት። ከአገር ውስጥ ለሚያመለክት ሰው ከባዱ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ደብዳቤው የሚመዝነው ሥራችሁን አንብቦ ከሚያውቅና መስኩ ውስጥ ካለ ሰው ሲመጣ ነው። ከአማካሪያችሁ ውጭ አንድ ሰው እንዲያውቃችሁ ኮንፈረንስና የበጋ ትምህርት ቤት ገና ፒኤችዲ ላይ እያላችሁ መሳተፍ ይጠቅማል። እውነተኛ ማስታወቂያዎች ዩራክሰስ ላይ እና የአሜሪካ የሂሳብ ማኅበር በሚያስተዳድረው ማዝጆብስ ላይ ይገኛሉ።

ገና ዲግሪ ላይ ያላችሁ ደግሞ ፖስትዶኩን ትታችሁ ከሥር ጀምሩ። ጣልያን ትሪየስት ያለው አይሲቲፒ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ በሂሳብ የአንድ ዓመት ዲፕሎማ አለው። የአፍሪካ የሂሳብ ሳይንስ ተቋም ኤይምስ ደግሞ በሩዋንዳ፣ ጋና፣ ሴኔጋል፣ ካሜሩንና ደቡብ አፍሪካ ማስተርስ ይሰጣል። ሊኒየር አልጀብራውን ግን ዛሬም መጀመር ትችላላችሁ።

ቦታ አስይዝላችኋለሁ ብሎ ብር የሚጠይቅ ካጋጠማችሁ ዝጉት፣ ለሥራ ቅጥር የሚከፈል «ፕሮሰሲንግ» የለም። «እስኪሞላ ድረስ ክፍት ነው» የሚል ካያችሁ ደግሞ ዘና አትበሉ፣ ግምገማው የሚጀመርበት ቀን ብዙ ጊዜ ከሥር በትንሹ ተጽፏል፣ ከዚያ ቀን በፊት ላኩ።