የሰው ጦርነት፣ የራስ ዕዳ፦ አጋር መንግሥታት ምን ይከፍላሉ?



ወረታ አስተምር በነበረበት ጊዜ ከዐስር ሶላት በኋላ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ስለ ዓለም ሁኔታ እንጨዋወት ነበር። አንድ ቀን ሩዝና ሽንኩርት የሚያመርት የፎገራ ልጅ «ኡስታዝ፣ ኢራቅን የወረረችው አሜሪካ ናት፤ የእንግሊዙ መሪ ስሙ ለምን ጠፋ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው እኛንም ይነካል። ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እንያቸው።

በመጋቢት 2003 ጦርነቱ ሲጀመር የቀረበው ምክንያት ኢራቅ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ደብቃለች የሚል ነበር። መሣሪያው አልተገኘም። የብሪታኒያው ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ግን ሕዝቡ በለንደን ጎዳናዎች ወጥቶ እየተቃወመ ወታደር ላኩ። ሮቢን ኩክ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ 139 የገዛ ፓርቲያቸው እንደራሴዎችም ተቃወሟቸው። ብሌር በ2005 ምርጫ ቢያሸንፉም የፓርቲያቸው መቀመጫ በብዙ ቀነሰ፤ በ2007 ወረዱ። የስፔኑ ሆሴ ማሪያ አስናር ደግሞ ራሳቸው በ2004ቱ ምርጫ ባይወዳደሩም፣ በማድሪድ ባቡሮች ላይ ቦምብ ፈንድቶ ከ190 በላይ ሰዎች ከሞቱ ከሦስት ቀን በኋላ ፓርቲያቸው ተሸነፈ። አዲሱ መንግሥት ወታደሮቹን ከኢራቅ አስወጣ።

ሁሉም ግን አልወደቁም። የአውስትራሊያው ጆን ሃዋርድ በ2004 እንደገና ተመርጠዋል። የቱርክ ፓርላማ ደግሞ የአሜሪካ ጦር በአገሩ በኩል እንዲያልፍ የቀረበለትን ጥያቄ አልተቀበለም፤ መንግሥቱም ከዚያ ጣጣ ዳነ።

ምሥጢሩ ይህ ነው፦ አጋር መንግሥት ጦርነቱ መቼ እንደሚጀመርና እንደሚያበቃ አይወስንም፤ ሒሳቡን ግን ይካፈላል። የራሱ ወታደር ሲሞት፣ የተነገረውም ምክንያት ሐሰት ሆኖ ሲገኝ፣ ሕዝቡ የሚጠይቀው ዋሽንግተንን ሳይሆን የመረጠውን ሰው ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። በ2003 አሜሪካ ባወጣችው የደጋፊ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያም ነበረች። ወታደር ስላልላክን ብዙዎቻችን አናስታውሰውም። በታኅሣሥ 2006 ግን ጦራችን ሶማሊያ ገብቶ የእስላማዊ ፍርድ ቤቶችን ኅብረት ከመቋዲሾ አስወጣ። መንግሥት የአገር ደኅንነት ጉዳይ ነው አለ፤ ብዙ ሶማሌዎች ግን ከአሜሪካ የፀረ ሽብር ዘመቻ ለይተው አላዩትም። ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ በእኛ በሙስሊሞቹ መካከል ስለ ሶማሊያ ሲነሳ ድምፅ ዝቅ ይል እንደነበር አስታውሳለሁ።

ማን ከፈለ? የአቶ መለስ መንግሥት በምርጫ ሣጥን አልከፈለም፤ በ2010 ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ወሰዱ። የከፈሉት ወታደሮቻችንና ቤተሰቦቻቸው፣ ከመቋዲሾ የተፈናቀሉትም የሶማሌ ወገኖቻችን ናቸው። ወረራውን ሰበብ አድርጎ አል ሸባብ ጎለበተ። ጦራችን በጥር 2009 ሲወጣ፣ በዚያው ወር የፍርድ ቤቶቹ ኅብረት መሪ የነበሩት ሸይኽ ሸሪፍ አሕመድ የሶማሊያ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ።

እንግዲህ ለፎገራው ልጅ መልሱ ይህ ነው፦ ሕዝብ መጠየቅ በሚችልበት አገር ሒሳቡ ዞሮ መሪው ጋ ይደርሳል። መጠየቅ በማይችልበት አገር ሒሳቡ አይጠፋም፤ ታች ያለው ሰው ላይ ይወድቃል። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ይላሉ አባቶቻችን። የኃያላን ወዳጅነት ሳሩ ነው፤ ብድርና መሣሪያ ያመጣል። ገደሉን ቀድሞ የሚያሳየው ግን ሹራ፣ ማለትም ሳይፈሩ መመካከር ነው።

ወላሁ አዕለም።